የሰዓት ሠሪው አንገት

የልጄ ባል ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ በሁለት ጫማ መደብሮች መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት፤ እሱ ከተቀመጠባት ሞላች፣ ደንበኛው የሚያናግረው ደጅ ቆሞ ነው። ከፊቱ ጠረጴዛ አለ፣ በጠረጴዛው ላይ መብራት፣ ከመብራቱ ሥር የተፈታ ሰዓት። ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ይውላል። አቀርቅሮ ላየው ሰው ከእሱ የበለጠ ትሑት የለም። ነገር የሚመጣው ቀና ሲል ነው።

የዓይኑ ቆቦች ሲፈጠር ጀምሮ ወደ ታች የወረዱ ናቸው። አባቱም እንደዚሁ ነበሩ። ቆቡ ብሌኑን እስከ ግማሽ ስለሚሸፍንበት፣ ከፊቱ የቆመን ሰው ለማየት አገጩን ሽቅብ ማንሳት አለበት፤ ያን ጊዜ ከቆቡ በታች በቀረችው ስንጥቅ አሾልኮ ያያል። ለእሱ ማየት ብቻ ነው። ከፊቱ ለቆመው ግን ሌላ ነው፤ አገጩን የሰቀለ፣ ዓይኑን በግማሽ የከደነ፣ ሰውን በአፍንጫው ጫፍ ቁልቁል የሚመዝን ጎልማሳ ነው የሚታየው። አፉ "እንዴት አደሩ" ሲል ፊቱ "ይህንንም ሰዓት ብለሽ አመጣሽው?" ይላል። ሰው ደግሞ ከአፍ ይልቅ ፊትን ያምናል።

ሰፈሩ ስም አውጥቶለታል፤ "ሚኒስትሩ" ይለዋል። በስተቀኙ ያለው ጫማ ሻጭ በየጠዋቱ የሱቁን መዝጊያ እያነሳ፣

"ክቡር ሚኒስትር፣ ዛሬ ሕዝብ ያነጋግራሉ ወይስ ስብሰባ ላይ ነዎት?" ይለዋል።

"ዛሬ የግድግዳ ሰዓት አለብኝ" ይላል እሱ። ቀልዱ ገብቶታል፣ ግን የሚመልስበት ፊት የለውም። ፈገግ ሲልማ ይብሳል፤ አገጭ እንደተሰቀለ የሚመጣ ፈገግታ ፌዝ ይመስላል።

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ነው። ዝንብ እሽ አይልም። በቴሌቪዥን ውሻ ሲታመም ካየ "ውሃ ልጠጣ" ብሎ ወደ ኩሽና ይሄዳል፤ ውሃውን ግን አይጠጣም። ልጄ ስትናደድበት "አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ፊትህን ምሰል!" ትለዋለች። እሷ አጭር ናት፤ ወደ ሱቁ ሰዓት ይዛ የሄደች ጊዜ እሷን ለማየት አገጩን ብዙ ማንሳት ያላስፈለገው ይመስለኛል። ሌላው ያየውን ኩራት ሳታይ አገባችው።

የዓይን ሐኪም ዘንድም ወስዳው ነበር። ሐኪሙ ቆቡን በቀዶ ሕክምና ማንሳት እንደሚቻል፣ ከዚያ በኋላ ግን ሲተኛ ዓይኑ በደንብ ላይከደንና ሊደርቅ እንደሚችል ነገራቸው። ሰዓት ሠሪ በዓይኑ አይቀልድም። "ወደ ታች አይበታለሁ፣ ሥራዬም ወደ ታች ነው" ብሎ ተመለሰ። እንዲሁ እንዳለ ሊኖር ይችል ነበር፣ ልጁ ለአቅመ ትዳር ባትደርስ።

የልጅ ልጄ ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ ነው የምትሠራው። በመስታወቱ ውስጥ የሚቆሙትን ትልልቅ አሻንጉሊቶች የምታለብሰው፣ የምታቆመው፣ የምታዞረው እሷ ናት። ሥራዋን ትወዳለች። አብረን መንገድ ስንሄድ የሌላ ሱቅ መስታወት ፊት ትቆምና "እማማ፣ ያንን እዪልኝ፤ ሙሉ ልብስ አልብሰው ለቅሶ ቤት የመጣ አስመሰሉት" ትለኛለች። እኔ ልብሱን ነው የማየው፣ እሷ አንገቱን ታያለች።

የወደደችውንም ልጅ ያገኘችው እዚያው መስታወት ውስጥ ነው። መብራቱን ሊያስተካክል የመጣ ኤሌክትሪሺያን ነበር። መሰላል ላይ ሆኖ "ከእናንተ እውነተኛዋ የትኛዋ ናት?" ብሎ ጠየቀ አሉ። ቀልዱ አዲስ አይደለም፣ ግን ሠራለት።

ይህን ልጅ እናቱ ብቻዋን ነው ያሳደገችው። እሷን አስከፍቶ እንደማያገባ ለልጅቷ ከመጀመሪያው ነግሯታል። ልጅቷም በዚህ ወደደችው እንጂ አልቀየመችም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንዲት ሴት እሺታ ላይ ተንጠለጠለ። ሴትየዋ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአውቶቡስ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ ደርባባ፣ ንግግሯ የተቆጠበ፣ የሚሰጣትን ክብር በዓይኗ የምትለካ ሴት ናት።

እናትና ልጅ መጀመሪያ ቤታችን የመጡት ከሥራ በኋላ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሰዓቱ አልተመረጠም። የልጄ ባል ቆቦች ጠዋት ይሻላሉ፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ሰባት ሰው እንደተንጠለጠለበት መጋረጃ ይወርዳሉ። በዚያ ላይ ፈርቷል። ከሴትየዋ ፊት አንዲት ነገር እንዳታመልጠው ስለፈለገ አገጩን ከወትሮው በላይ አነሳ። ከጎን ሆኜ ሳየው ጉሮሮውን ሊላጭ ፀጉር ቆራጭ ቤት የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ሴትየዋ ሻይዋን ይዛ፣ "ቤታችን እንደናንተ ሰፊ አይደለም እንግዲህ" አለች።

"ምንም አይደለም" አላት።

በደግነት ነው ያለው። ከዚያ ከፍታ ላይ ሲወርድባት ግን ምሕረት የተደረገላት መሰላት።

"ልጄም የእጅ ሙያ ነው የተማረው። ዩኒቨርሲቲ አልገባም።"

"እሱም ምንም አይደለም።"

ልጄ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ደንግጦ ወደ እሷ ዞረ፣ አገጩም አብሮ ዞረ፤ እንግዳይቱ ደግሞ ፊቱን ያዞረባት መሰላት። ሻይዋን ከግማሽ ላይ አስቀምጣ "በሉ አናስመሻችሁ" ብላ ተነሳች።

በማግስቱ ልጁ አንገቱን ሰብሮ ሱቁ ድረስ መጣ።

"እናቴ 'ዳኛ ፊት የቆምኩ መሰለኝ፣ ከእግር እስከ ራሴ መዘነኝ' አለች። ምን ልበላት፣ አባባ?"

"በላት… በጣም አክብረንሻል በላት።"

"እሱንማ ብያት ነበር። 'አክብሮ እንዲህ ከሆነ ሲንቅ ምን ሊሆን ነው?' አለችኝ።"

ማታ ቤታችን ውስጥ ክርክር ሆነ። ልጅቷ እውነቱን እንንገራቸው አለች፤ "የዓይን ቆብ ነው፣ ከልደት ነው፣ አለቀ።"

"አይሆንም" አለ አባቷ።

"ለምን አይሆንም?"

"ከልደት ነው ስትዪ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ 'በዘር ይወርዳል ወይ' ነው። አባቴም እንዲሁ ነበሩ፤ ምን ልትመልሺ ነው? የኩሩ ሰው ልጅ ትዳር አታጣም። የበሽተኛ ዘር ከተባልሽ ግን ማን ይመልሰዋል? ተዪኝ፣ እኔ ኩሩ ልባል።"

"ሳትኮራ?"

"ሳልኮራ።"

ልጅቷ እንደማትናገር ማለችለት፣ አለቀሰችም። ልጄም ስታባብላት አመሸች። ነገር ግን የልጅ ልጄ ከለቅሶ በኋላ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ አይደለችም፤ በሁለተኛው ቀን በፌስታል ራስ ይዛ መጣች።

የተሰበረች አሻንጉሊት ራስ ነው። ጠረጴዛው ላይ አቆመችው፤ ቀለም የተቀባ ፊት፣ የማይጨፈን ዓይን፣ የማይንቀሳቀስ አፍ።

"አባዬ፣ እየው። ምንም አትናገር፣ እየው ብቻ።"

አገጩን ቀና አደረገችው። ፊቱ ወዲያው ናቀን። ዝቅ አደረገችው፤ አሁን ደግሞ ከግንባሩ ሥር አፍጥጦ ሊጣላን መጣ። መልሳ አቃናችውና ወደ ጎን ትንሽ አዘነበለችው። ለስለስ አለ፣ ያው አፍ ፈገግ ያለም መሰለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚገርመኝ አንድ ፊደል እግሩ ትንሽ ሲታጠፍ ሌላ ድምፅ ማውጣቱ ነበር። ያ ራስም እንደዚያው ሆነብኝ። ፊቱ አልተነካም፣ የሚለው ግን ሌላ ነው።

"ልብሱ ውድ እንዲመስል ስፈልግ አገጯን እሰቅላለሁ" አለች ልጅቷ። "ሰው እንዲገባ ስፈልግ አዘነብላታለሁ። አንተ አገጭህን ማውረድ አትችልም፤ ማዘንበል ግን ትችላለህ። ደግሞ አንተ አሻንጉሊት አይደለህም። ሰው ሲያናግርህ እንደ ሐውልት አትገተር፣ ራስህን ነቅነቅ፤ እየሰማሁ ነው ማለት ነው።"

ሰዓት ሠሪ ነውና ነገሩን እንደ ማሽን ተማረው። ምን ያህል ይዘንበል፣ በየስንት ቃሉ ይነቅነቅ ብሎ ጠየቀ። መስታወት ፊት ቆሞ ሲለማመድ ልጄ በበሩ እያለፈች "አንገት ደፊ አገር አጥፊ!" ትለዋለች።

"አልደፋሁም፣ አዘነበልኩ" ይላታል፣ ከመስታወቱ ሳይዞር።

ሱቁም ውስጥ ሞከረው። ጫማ ሻጩ አይቶት "ክቡርነትዎ፣ ምርጫ ደረሰ እንዴ? ሕዝቡን ማባበል ጀመሩሳ!" አለው። ቢሆንም ሠራ። የሰዓት ማሰሪያ ልታስቀይር የመጣች ሴት ስለ ልጇ ፈተና፣ ስለ ቤት አከራይዋ ክፋት፣ ስለ ወገቧ ሳይቀር አውርታለት ሄደች። ማታ "ለካ ሰው እንዲህ ያወራል!" እያለ ተገርሞ ነገረን። ከዚያ ወዲያ ግን መነቅነቁን ማቆም አቃተው። ራት ላይ ዜና አንባቢው ሲናገር እንኳ ይነቀንቃል። ለልጄ "ይህ ነገር አላማረኝም" ብላት፣ "ተዪው እማዬ፣ እሺ ይበልጣል ከሺ" አለችኝ።

ሁለተኛው ቀጠሮ እሑድ ጠዋት ሆነ፣ ቆቦቹ ሳይደክሙ። ልጁ እናቱን እንዴት እንዳሳመናት አላውቅም። ስትገባ "ለልጄ ስል አንዴ ብቻ" ብላ እንደመጣች ያስታውቅ ነበር። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም።

የልጄ ባል አዘነበለ። ስለ መንገዱ መጨናነቅ አወራች፤ ነቀነቀ። ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራች፤ ነቀነቀ። ቦርሳው ከጭኗ ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ባሏ ሲሞት ልጁ ገና ይድህ እንደነበር ነገረችው። እየነቀነቀ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይህኛውን ማንም አላስተማረውም። ሴትየዋ ወንበሩ ላይ ደልደል ብላ ተቀመጠች።

"እንግዲህ እኔ ብቻዬን ነኝ" አለች፣ ድምፅዋ ሞቅ ብሎ። "ልጅቷ እኔው ጋ ትገባለች።"

ነቀነቀ።

"የመደብሩንም ሥራ ብትተወው ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ከአሻንጉሊት ጋር ቆማ ምን ይሠራላታል? ቤቱን ትይዝልኛለች፤ እኔ እንደሆነ ከእንግዲህ ደረጃ መውጣት መውረድ አልችልም።"

ነቀነቀ።

ልጅቷ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር፤ እዚያው ቆመች። ልጄ እግሩን ልትረግጥ ብትንጠራራም አልደረሰችበትም።

"እንግዲያው ተስማማን!" ሴትየዋ ተነስታ ጉንጩን ሳመችው። "ያን ዕለት ክፉ ቀን ውሎብዎት ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያሉ እሺ ባይ ሰው መሆንዎን ማን ነገረኝ!"

በሩ ተዘጋ።

"አባዬ፣ ሥራዬን ሰጠሃት" አለች ልጅቷ።

"እኔ? መቼ?"

"ነቀነቅክ እኮ!"

"እየሰማሁ ነው ማለት ነው ብለሽኝ የለ?"

"ሁሉም አይነቀነቅም!"

"የትኛው እንደማይነቀነቅ አልነገርሽኝም" አለ፣ ቅር ብሎት።

ልጄ ሳቀች፤ ሌላ የሚስቅ እንደሌለ ስታይ አቆመች።

ነገሩ አያስቅም ነበር። ልጅቷ ሥራዋን መተው አትፈልግም፣ ልጁም አልጠየቃትም። ግን የተሰጠውን እሺታ ማን ያፍርሰው? ልጁ ቢያፈርሰው፣ ገና ሳያገባት በሚስት አፍ ተናገረ ይባላል። ልጅቷ ብታፈርሰው፣ ደጃፏን ሳትረግጥ አማቷን እምቢ ያለች ትሆናለች። የነቀነቀው ራሱ መሄድ ነበረበት።

"እማዬ፣ አብረውኝ ይሂዱ" አለኝ። ከአሮጊት ጋር የመጣን ሰው ፊት በር አይዘጉም ብሎ ነው።

በማግስቱ ሱቁን እንደዘጋ ሄድን። ሴትየዋ የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስንጨርስ እኔ ትንፋሽ አልቀረኝም፣ እሱ ደግሞ ቆቦቹ ጨርሰው ወርደዋል። በሩን ስትከፍት ያገኘችው የእሑዱን ሰው አልነበረም፤ ያንን የመጀመሪያውን ነው፣ አገጩን ሰቅሎ። ፊቷ ሲቀየር አየሁ።

"ምነው፣ በደህና?"

ሊያዘነብል ሞከረ፤ ከዚያ ተወው። ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አንስቶ ቆቦቹን ሽቅብ ገፍቶ ያዛቸው፣ አገጩንም አወረደ። ይህን ሰው ለብዙ ዘመን አውቀዋለሁ፤ ሙሉ ዓይኑን ግን እኔም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ትልልቅ ዓይኖች ናቸው፣ ፈርተዋል።

"እኔ ይሄ ነኝ" አላት። "ቆቡ በራሱ አይነሳልኝም። ሰው ለማየት አገጬን ማንሳት አለብኝ። ያን ዕለት ንቄዎት አይደለም፣ በደንብ ላይዎት ፈልጌ ነው። ትናንት ደግሞ…"

"ትናንት ነቀነቁ" አለችው። "በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ነቀነቅኩ። እየሰማሁዎት መሆኔን እንዲያውቁልኝ ነው እንጂ እሺ ለማለት አልነበረም። ልጄ ሥራዋን አትተውም። ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

ሴትየዋ ቆቦቹን ጠጋ ብላ አየች።

"በዘር ነው?" አለች።

ጣቶቹን ከቆቡ አላነሳም።

"አባቴ ነበረባቸው። ልጄ የለባትም። ከእሷ በሚወለደው ይኑር አይኑር አላውቅም። አይኖርም ብዬ ብዋሽዎት ሕፃኑ ራሱ ያጋልጠኛል።"

"እስቲ እጅዎን ያውርዱ።"

አወረደ። አገጩ ተመልሶ ወጣ። ሴትየዋ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሄደች፤ አገጩ ተከተላት። ወደ ቀኝ ተመለሰች፤ ተከተላት። ጉልበቷን ይዛ ዝቅ አለች፤ አገጩም ዝቅ አለ። ልክ አዲስ መብራት እንደሚሞክር ሰው ደጋግማ ሞከረችው፤ እሱ ዝም ብሎ ታየላት። ከዚያ "ግቡ" አለችን።

ከተቀመጥን በኋላ ስትናገር ወደ እኔ ዞራ ነበር።

"እማማ፣ መናኸሪያው ውስጥ የነበረችው መስኮቴ ዝቅ ያለች ነበረች። አናጢው ቁመቱን የወሰደው ከሕፃን ነው እንል ነበር። ትኬት የሚፈልግ ሁሉ ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን አዘንብሎ ነው የሚያናግረኝ። ባለ ሥልጣኑም ጎንበስ፣ ነጋዴውም ጎንበስ። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት እንደዚያ ያለ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ሰው ሁሉ ኮራብኝ። ጎረቤቱ፣ ዳቦ ሻጩ፣ ሐኪሙ። ዘመኑ ተበላሸ እያልኩ ልጄን አሰለቸሁት።"

"መስኮቷ ናታ" አልኳት።

"መስኮቷ ናት" አለች፤ ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። "የሥራውን ነገር ሰምቻለሁ፣ ትሥራ። የዘሩን ነገር ግን ላስብበት። የልጅ ልጅ ነው፣ የጫማ ልክ አይደለም።"

የልጄ ባል ሊነቀንቅ ጀምሮ አንገቱን ያዘ። "እየሰማሁ ነው" አላት፣ በአፉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ረጅም ነበሩ። ልጁ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ "እናቴ ዝም ብላለች" ብሎ ይሄዳል። ልጅቷ መስታወቷን ታለብሳለች፤ አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ አሻንጉሊቶቹ ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረው አየሁ፣ አዲስ አሠራር ነው አለችኝ። አባቷ ደግሞ ራት ሲቀርብ "ኩሩ ተብዬ ብቀር ምን ነበረበት" ይላል፤ ልጄ "ብላ፣ ብላ" ትለዋለች። እኔ ያኔ የሚያስፈራኝ የሴትየዋ እምቢታ አልነበረም። እምቢ ብትል፣ ይህ ሰው ሁለተኛ ለማንም እውነት እንደማይናገር ይታየኝ ነበር።

በመጨረሻ ልጁ እየሮጠ መጣ። እናቱ ማንንም ሳታማክር የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ጠይቃ ነበር። መልእክቷን እንዳለ በእሷ ድምፅ ነገረን፤ "ልጅ ተወልዶ እንደ አያቱ ከሆነ በጊዜ ይታከማል ብሎኛል ሐኪሙ። ካልተቃናለትም አገጩን ሰቅሎ ይኑር፤ በእኛ ወገን እንደሆነ አንገቱን የሰበረ አልነበረም።" ልጅቷ ሥራዋን ትቀጥላለች፣ ቤታቸውም ከሴትየዋ ፎቅ ሥር ይሆናል። ጉልበቷን ለማሳረፍም ባልና ሚስቱ ተራ ገብተው ያግዟታል።

የልጄ ባል ውሃ ልጠጣ ብሎ ወደ ኩሽና ሄደ።

የሠርጉ ዕለት ቤተ ዘመዱ ለፎቶ ተሰለፈ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሰውየውም ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ፎቶ አንሺው ከመሣሪያው ጀርባ ሆኖ መጮህ ጀመረ።

"አባት! የሙሽራዋ አባት! አገጭ ዝቅ!"

ዝቅ አደረገ።

"አሁን ደግሞ ጨፈኑ! ይግለጡ፣ ዓይንዎን ይግለጡ!"

ቀና አለ።

"ዝቅ! በጣም ኮሩ፣ አባት፣ ዝቅ!"

ልጅቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ከሙሽራው ጎን የቆመችው እናቱ ቀደመቻት።

"ተወው አንተ ልጅ" አለችው፣ ዘመዱ ሁሉ እየሰማ። "ሊያዩህ ብለው ነው።"

ፎቶ አንሺው ምን እንዳለችው አልገባውም፤ ግን አነሳ።